ከሎዛን እስከ ሁርሶ፤ የእስፖርት ታሪክ ስለሚጠበቅበት መንገድ

ታሪክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል፤ የጦርነትና የውል ነገር ነው። ኳስ የተመታበት ሜዳና ሯጭ የሮጠበት ጎዳና ግን ከጨዋታ እንጂ ከታሪክ የሚቈጠር አይመስለንም። እኛም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚሁ አስተሳሰብ የራቅን አልነበርንም። አሳባችንን ያስለወጡን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ የጎበኘነው የኦሊምፒክ ቤተ መዘክር ሲሆን፤ ሁለተኛው ከዚያ ከተመለስን በኋላ ከድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው በሁርሶ ከአንድ ሽማግሌ አፍ የሰማነው ቃል ነው። ሁለቱ ቦታዎች በስፋትም ሆነ በሀብት የማይወዳደሩ ናቸው። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ትርጕም ስለ ገለጸልን፤ አንድ ላይ አድርገን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

በሎዛን ያየነው

ሰባት ሆነን ለተማሪዎች ስብሰባ ወደ ጄኔቭ በሄድንበት ጊዜ አንድ ቀን ትርፍ ስላገኘን፤ ያን ቀን በምን እንደምናሳልፈው ተማከርን። ከመካከላችን ገበያ ማየት የፈለገም፤ ተራራ መውጣት የፈለገም ነበረ። በመጨረሻ ግን የብዙዎቹ ድምፅ አሸንፎ የሌማንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረን፤ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሎዛን ደረስን።

ቤተ መዘክሩ የሚገኘው ኡሺ በሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር ነው። ሎዛን የኦሊምፒክ መዲና ለመሆን የበቃችበት ምክንያት አጭር ታሪክ አለው። የዘመናዊውን ኦሊምፒክ እንደ ገና እንዲቋቋም ያደረገው ፈረንሳዊው ባሮን ፒየር ደ ኩበርተን፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አውሮጳን ባመሰቃቀለበት ጊዜ፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1915 የኮሚቴውን መቀመጫ ከጦርነቱ ገለልተኛ ወደ ሆነችው ወደ ስዊስ አገር አዛወረው። ዕቃና ጽሑፍ መሰብሰብም የተጀመረው በዚያው በኩበርተን ዘመን ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ ግን የተከፈተው በ1993 ሲሆን፤ ታድሶ እንደ ገና ለሕዝብ የተከፈተው በ2013 ነው። እንግዲህ ከመሰብሰቡ መጀመሪያ እስከ ሕንጻው መከፈት ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል ማለት ነው። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ ቤቱ የሚያደርሰው መንገድ በአትክልት መካከል ያልፋል። በአትክልቱም ውስጥ የፊንላንዱ ሯጭ የፓቮ ኑርሚና የቼኮስሎቫኪያው የኤሚል ዛቶፔክ ሐውልቶች ቆመዋል። ብዙዎቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን እነዚህን ሰዎች ከመጽሐፍ እናውቃቸው ነበር። ኑርሚ ዘጠኝ የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱን፤ ዛቶፔክም በ1952 በሄልሲንኪ በአንድ ኦሊምፒክ የአምስት ሺህ፤ የዐሥር ሺህና የማራቶን ባለ ድል መሆኑን እየተቀባበልን ተናገርን። በውስጥ ደግሞ የልዩ ልዩ ኦሊምፒኮች ችቦዎች፤ ሜዳልያዎች፤ ልብሶች፤ ጫማዎችና የውድድር መሣሪያዎች በየተራቸው ተደርድረው ይታያሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የወርቁ ብዛት አልነበረም። ወርቅ በሌላም ስፍራ ይገኛል። ያስገረመን ያረጀ ጫማና የነተበ ልብስ በመስተዋት ውስጥ እንደ ክቡር ዕቃ መቀመጡ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው ዕቃ ለለማኝ ይሰጣል ወይም ይጣላል። በዚያ ግን ከጎኑ ትንሽ ጽሑፍ ተደርጎለት፤ የማን እንደ ነበረና በየት እንደ ዋለ ይናገራል። ጽሑፉ ባይኖር ጫማው ያው ያረጀ ጫማ ነው። ስለዚህ ዕቃን ታሪክ የሚያደርገው ዋጋው ሳይሆን ከእርሱ ጋራ ተያይዞ የተጠበቀው ምስክርነት መሆኑን በዚያ ተረዳን።

ከጎብኚዎቹ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። ከኢትዮጵያ መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ ፊታቸው በርቶ «አበበ!» አሉ። ቀጥለውም የእርሱ መታሰቢያ በአገራችን ምን እንደ ሆነ ጠየቁን። በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራ ስታዲየም መኖሩን፤ በቅዱስ ዮሴፍ ያለውንም መቃብሩን ጠቀስንላቸው። ሴትዮዋ ግን አላበቁም፤ «እናንተስ የመጣችሁበት ከተማ ምን ይታወቅበታል?» አሉን። ከሰባታችን አምስቱ የድሬዳዋና የአካባቢዋ ልጆች ነን። ስለ ከተማችን የእስፖርት ታሪክ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር የቻለ ግን አልነበረም። በጥንታዊት ግሪክ የኦሊምፒያ ጨዋታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ዓመት መጀመሩን በቃላችን የምናውቅ ሰዎች፤ አባቶቻችን ስለ ተጫወቱበት ሜዳ ተጠይቀን ዝም አልን።

ያ ዝምታ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነ።

ድሬዳዋ ምን ነበረች?

ከተመለስን በኋላ የከተማችንን የእስፖርት ታሪክ ለመመርመር ስንነሣ፤ ነገሩ ከሦስት ነገሮች ጋራ የተያያዘ ሆኖ አገኘነው፤ ከምድር ባቡር፤ ከፋብሪካና ከወታደር።

ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከተማይቱ ከተራራው በታች በሜዳው ላይ ተቈረቈረች። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ በሁርሶና በኤረር በኩል ተዘርግቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛም፤ ሸቀጥም፤ ወሬም፤ ጨዋታም በዚህ መስመር ይመላለስ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚሁ ሐዲድ ነው።

ፋብሪካዎቹም ከባቡሩ ኋላ ተከታትለው መጡ። ከእነርሱ ውስጥ ሁለቱ፤ የጥጥ ፋብሪካውና የሲሚንቶ ፋብሪካው፤ ለእስፖርት ታሪካችን ከሁሉ ይበልጣሉ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1965 በተደረጉት ስድስት የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሻምፒዮናዎች ዋንጫው ከድሬዳዋ አልወጣም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1960፤ በ1962፤ በ1963ና በ1965 ሲያሸንፍ፤ የሲሚንቶው ቡድን ደግሞ በ1961ና በ1964 አሸነፈ። የአዲስ አበባና የአስመራ ቡድኖች ብርቱ በነበሩበት በዚያ ዘመን፤ የአንዲት የፋብሪካ ከተማ ሠራተኞች ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀባብለው መግዛታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ይህን እኛ የተማርነው ሎዛንን ካየን በኋላ መሆኑን ስንጽፍ እፍረት ይሰማናል።

በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ከተጫወቱት መካከል በአስመራ የተወለዱት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ ይገኛሉ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን አለቃ ሉቺያኖ ነበረ፤ አሠልጣኙም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ ኢትዮጵያ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋን የአቻ ግብ ያገባው ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች።

ሦስተኛው ነገር ወታደሩ ነው። ዛሬ የሁርሶ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የወታደር ማሠልጠኛውን ነው። በአገራችን ደግሞ እስፖርትና ወታደር ከመጀመሪያው አብረው ያደጉ ናቸው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ አንዱ የነበረው ማሞ ወልዴ ወታደር ነበረ። አበበ ቢቂላ በክቡር ዘበኛ ያገለግል ነበር፤ ምሩጽ ይፍጠርም ከአየር ኃይል የወጣ ነው። መቻል የሚባለው የጦር ሠራዊቱ የእግር ኳስ ቡድንም ከሻምፒዮናው ቀደምት ባለ ድሎች አንዱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ማለዳ ተነሥቶ በሰዓት እንዲሮጥ፤ በልክ እንዲበላና ባለሙያ አሠልጣኝ እንዲኖረው የሚያደርግ ድርጅት ከሠራዊቱ ሌላ እምብዛም አልነበረም። አበበን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ሥራውን ያከናወነው በዚሁ በክቡር ዘበኛ አማካይነት ነው።

አበበ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። መንገዱም በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሯጩ በአርባ አምስት ዓመት ቀድሞት ገባ ማለት ይቻላል። ይህን ታሪክ ግን ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ከዚህ በላይ አንተርከውም። እኛ የምንፈልገው ዓለም የማያውቀውን ነው።

የሁርሶው ሽማግሌ ቃል

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ዓመታት ስላለፉ ወደ ሁርሶ የሄድነው በመኪና ነው። ከጓደኞቻችን የአንዱ አጎት በዚያ ስለሚኖሩ፤ ከምድር ባቡር ሠራተኛ ተወልደው በጣቢያው አጠገብ ካደጉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን አንጽፈውም።

«እንዴት ዋሉ አባባ?» አልናቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ተቀመጡ ልጆቼ፤» ብለው ቦታ ለቀቁልን።

የመጣንበትን ነገር ስንገልጽላቸው ሳቁ። «ለኳስ ብላችሁ ነው ይህን ሁሉ መንገድ? እኔ ደግሞ የመሬት ነገር መስሎኝ ልቤ ደንግጦ ነበር፤» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሰዓት ያህል አወሩን።

ስለ 1954ቱ ዋንጫ የነገሩን በአጭሩ እንዲህ ነው። «የጥምቀት ለት ነው ያሸነፍነው። እኔ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለእኛ ቤት በዓሉ ባይሆንም ባቡሩ ሰው የሚሞላበት ወቅት ስለ ሆነ ሻይና ዳቦ እንሸጥ ነበርና ቀኑን አልረሳውም። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር እዚህ ሲቆም፤ ሰዎቹ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ‹አራት ለሁለት! አራት ለሁለት!› ይሉ ነበር። ሻዩን ተሸክሜ ቆሜ ቀረሁ። ባቡሩ ሄደ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ፤ አባቴም ቆጣኝ።»

እነሆ እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ የሚፈተንበት ጥያቄ ተነሣ። ከላይ እንደ ጻፍነው ግጥሚያው የተደረገው ጥር 13 ቀን ነው። ጥምቀት ግን ጥር 11 ነው። ሽማግሌው ተሳስተዋል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ፤ «ቀኑን ያላወቀ ሰው ሌላውንስ እንዴት እናምነዋለን?» ብሎ ቃላቸውን እንድንተወው አሳብ አቀረበ። ሌላው ደግሞ፤ «ሽማግሌን በመጽሐፍ ማረም ነውር ነው፤ እንዳሉት እንጻፈው፤» አለ። ሁለቱም አሳብ አላረካንም።

ስለዚህ የዚያን ዓመት ቀኖች ቈጠርናቸው። በ1954 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ዓርብ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ጥር 12 ሚካኤል ነበረ። ግጥሚያው የተደረገው እሑድ ነው። እንግዲህ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የወጣ ሰው በዓሉንና ሰንበቱን ውሎ ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው ከእሑድ በኋላ ነው። ሽማግሌው በልጅነታቸው ያዩት በሰው የተሞላ ባቡር ከበዓል የሚመለሱ መንገደኞች ባቡር ቢሆን፤ ወሬውን ይዞ ሁርሶ ለመድረስ የሚስማማው ጊዜ ይህ ነው። እርሳቸው በዓሉን፤ ግጥሚያውንና ባቡሩን በአንድ ቀን አጠቃልለው አስታወሱት እንጂ ያላዩትን አልተናገሩም። ቀኑን ሳቱ እንጂ ነገሩን አልሳቱም።

ከዚህም የተማርነው አለ። መዝገብ ቀኑንና ውጤቱን ይነግረናል። የ4 ለ 2ን ወሬ በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ የሰማ ልጅ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቆሙን ግን የትኛውም መዝገብ አይነግረንም። መዝገብ ያለ ሰው ቃል ዐፅም ሲሆን፤ የሰው ቃልም ያለ መዝገብ መንገዱን ይስታል። ሁለቱ ሲተያዩ ብቻ ታሪክ ይሆናሉ።

ዋንጫ ይሄዳል

አንዳንድ ሰው የእስፖርት ታሪክ የሚጠበቀው ዋንጫን በመጠበቅ ነው ይላል። ነገር ግን ዋንጫ የማይታመን ንብረት ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ዋንጫ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ አገር ለዘለቄታ እንዲሰጥ ደንብ ስለ ነበረ፤ ጋና በ1963፤ በ1965ና በ1978 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ስላሸነፈች የራሷ አድርጋዋለች። በሕጉ መሠረት ወስዳዋለችና ቅሬታ የለንም። በብራዚል ደግሞ ለሦስት ጊዜ ድል የተሰጠው የዓለም ዋንጫ በ1983 ከፌዴሬሽኑ ቤት ተሰርቋል። የግብጽ ፌዴሬሽንም በ2020 በቤቱ ውስጥ ቤተ መዘክር ለማዘጋጀት ሲነሣ ከቀድሞ ዋንጫዎቹ መካከል የጠፉ መኖራቸውን አስታወቀ። በአፍሪካ ዋንጫ ከሁሉ በላይ ያሸነፈች አገር እንኳ ቤተ መዘክር የሚያስፈልጋት መሆኑን የተረዳችው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ነው።

ከዋንጫ ይልቅ ቶሎ የሚያልፍ ደግሞ ሰው ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በ1979 ዓ.ም.፤ መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፤ ኢታሎ ቫሳሎ በ2013 ዓ.ም.፤ ሉቺያኖ ቫሳሎም በ2015 ዓ.ም. በሮም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። እነዚህ ስማቸው የታወቀ ስለ ሆነ የሞቱበት ዓመት ተጽፏል። ከእነርሱ ጋራ በጥጥ ፋብሪካው ሸማኔ፤ በሲሚንቶው ከረጢት ተሸካሚ፤ በባቡሩ ፍሬን ጠባቂ ሆነው ውለው ማታ ሜዳ ይወጡ የነበሩትን ግን ማን ይጽፋቸዋል?

በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. ዐሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን በተደረገ ጊዜ የአንዱ ምድብ ጨዋታዎች የተደረጉት በድሬዳዋ ነው። ሞሮኮ፤ ናይጄርያ፤ ሱዳንና የዋንጫው ባለ ቤት የነበረችው ዛየር በከተማችን ተጋጥመው፤ ዛየር ከዚሁ ከድሬዳዋ ተሰናበተች። ኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጕዞዋን የጀመረችው በዚሁ ሜዳ ነው። ያን ጊዜ በሜዳው ዙሪያ የቆሙ ሰዎች ዛሬም በገንዳ ቆሬና በከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። በየቀኑ እናልፋቸዋለን፤ የምንጠይቃቸው ግን የለም።

የሚነሣ ተቃውሞ

አንባቢ እዚህ ላይ፤ «ሕዝብ ውኃና ዳቦ በሚቸገርበት አገር ስለ ኳስ ቤተ መዘክር ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኛም የእብነ በረድ ሕንጻ ይሠራ አላልንም። ከላይ አንባቢ እንዲያስታውስልን የለመንነው ቍጥር ለዚህ ነው። ሎዛን ሕንጻዋን የከፈተችው መሰብሰብ ከጀመረች ከሰባ ዓመት በላይ ቈይታ ነው። አስቀድሞ የነበረው ሰብሳቢ ሰው ነው፤ ሕንጻው የኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ፤ መጀመሪያ ሕንጻ ይታሰባል፤ ገንዘቡ ሲጠፋ መሰብሰቡም አብሮ ይቀራል። ደብተርና እርሳስ የያዘ ተማሪ ግን ገንዘብ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል።

ደግሞም የሠራተኛ ታሪክ ቅንጦት አይደለም። ንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አለው፤ መኰንን የሹመት ደብዳቤ አለው። የፋብሪካ ሠራተኛ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ ውጭ የሚነሣበት አንድ ስፍራ ቢኖር የኳስ ሜዳ ነው። ያን ካልጠበቅንለት ሌላ የምንጠብቅለት የለንም።

የጨርቅ ኳስ

ከሁርሶ ከመነሣታችን በፊት ሽማግሌውን በልጅነታቸው ኳሱን ከምን ይሠሩት እንደ ነበረ ጠየቅናቸው። ሳይመልሱልን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አሮጌ ካልሲ፤ ብጣሽ ጨርቅና ሲባጎ አስመጡ። ጨርቁን አጥብቀው ጠቅልለው በካልሲው ውስጥ ከተቱና አፉን ጠምዝዘው ገለበጡት፤ እንደ ገናም ጠምዝዘው ገለበጡት። በመጨረሻ በሲባጎ ዙሪያውን አሰሩት። ጣቶቻቸው በእርጅና የሚንቀጠቀጡ ቢሆኑም፤ ሥራውን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም። ኳሱን ወደ እኛ ወርውረው፤ «ከድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ክር ያገኘን ዕለት ኳሱ ይነጥር ነበር፤ የዛሬው ጨርቅ አይረባም፤» አሉን። እኛም አመስግነን ኳሱን ይዘን ተመለስን።

ማታ ኳሱን በአንድ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን ጽሑፍ ልናደርግለት ስንነሣ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፤ «‹የ1954 ዓ.ም. ኳስ› ብለን ብንጽፍበት ማን ያውቃል? የሚያየውም ሰው የበለጠ ይደነቃል፤» አለ። ይህ አሳብ ለጥቂት ጊዜ ልባችንን ሳበው፤ መካድ አይገባንም። ነገር ግን የሎዛኑን ያረጀ ጫማ አስታወስን። ዕቃን ታሪክ የሚያደርገው ከእርሱ ጋራ የተያያዘው ምስክርነት ከሆነ፤ ምስክርነቱን ማዋሸት ዕቃውን መጣል ነው። የሽማግሌውን ቃል በቀን መቍጠሪያ የመረመርን ሰዎች የራሳችንን ጽሑፍ ሳንመረምር ብንቀር ምን ዓይነት ተማሪዎች እንባላለን?

ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን። «የጨርቅ ኳስ። በዘመናችን በሁርሶ የተሠራ። የሠሩት ሰው በ1954 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ እንደዚህ ያለውን ይሠሩ ነበር። የአፍሪካን ዋንጫ ወሬ የሰሙት ከባቡር መስኮት ነው።»

እስካሁን የሰበሰብነው ይህ ኳስ፤ አንድ ደብተርና የዐሥራ አንድ ሽማግሎችና አሮጊቶች ቃል ነው። ከካርቶኑ በቀር ቤት የለንም። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ ያረጀ የቡድን ፎቶግራፍ፤ የተቀደደ ማሊያ፤ የፋብሪካ መታወቂያ ወይም የጨዋታ ትኬት ቢኖር ከመጣላችሁ በፊት የማን እንደ ነበረ ከጀርባው ጻፉበት። አያቶቻችሁንም ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ከመዝገብ ጋራ አስተያዩ። ቀኑን ቢስቱ አትቆጡ፤ ያዩትን ግን አታስቀሩ። ሥራው ገና ጅማሬ ስለ ሆነ ስሕተት ያገኛችሁበት ብታርሙን ደስ ይለናል። ከሎዛን ዳግመኛ እንግዳ መጥቶ ስለ ከተማችን ቢጠይቀን፤ በዚህ ጊዜ ዝም እንዳንል።